የዘህራ ድስትና የፒላር ቋሊማ

የዛሬ ወር ገደማ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ቤቴ ውስጥ አሳማ ተጠበሰ። አዎ፣ እዚሁ ጀርመን አገር፣ ሽቫንሃይም፣ እኔው ቤት፣ እኔው መጥበሻ ላይ። ጠባሿ ደግሞ ሌላ ሰው እንዳትመስላችሁ፤ የገዛ የልጅ ልጄ ሶስና ናት። ለትምህርት ብላ ስድስት ወር ስፔን ቆየች። ምን እንደተማረች እንጃ፣ ይዛው የመጣችው ግን ቋሊማ ነው። ቾሪሶ ይሉታል። ቀይ፣ የተኮማተረ፣ ጫፍና ጫፉ በሲባጎ የታሰረ፣ ተቆርጦ የደረቀ የሰው ጣት የሚመስል ነገር። እኔ ምሳዬን በልቼ ጋደም ብያለሁ። ሽታው በበሩ ሥር ሹልክ ብሎ ገባ፣ ብርድ ልብሴ ላይ ወጣ፣ አፍንጫዬ ላይ ቁጭ አለ። እፍ! ተነስቼ እግሬን እየጎተትኩ ኩሽና ሄድኩ።

«አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው የምታቃጥዪው?»

«ኦማ፣ አልቦንዲጋስ ነው! የስፔን ድብልብል ሥጋ!» ኦማ በጀርመንኛ አያት ማለት ነው።

«ስሙን አልጠየቅኩሽም። ምን እንደሞተ ነው የጠየቅኩሽ።»

«ኦማ፣ ኢስት ዶኽ ኑር ቩርስት!» አለችኝ። ቋሊማ ብቻ እኮ ነው ማለቷ ነው። እነዚህ ልጆች ጥፋታቸውን ሲያቃልሉ ሁሌ በጀርመንኛ ነው።

ጠጋ ብዬ አየሁት። ቋሊማው ተከትፎ መጥበሻው ላይ ይንጨረጨራል፤ ከውስጡ ቀይ ዘይት ያነባል። ድብልብሉ ሥጋ ደግሞ በዚያ ዘይት ውስጥ ይንከባለላል። ከሁሉ የሚያስጠላው ምን መሰላችሁ? ማማሩ! ቀለሙ ቁርጥ የእኛ ቁሌት። ነጭ ሽንኩርቱ ይሸታል፣ በርበሬው ይሸታል፣ ምራቄ መጣ። ምራቄ ሲመጣ ደግሞ ሆዴ ተገለበጠ። አፍና ሆድ ሲጣሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አየሁ። አፌን ይዤ ባልኮን ወጣሁ።

እዚያ ብርዱ ላይ ቆሜ ነው ሁሉም ነገር የመጣብኝ። ያንን ሽታ አውቀዋለሁ። አርባ ዓመት ምናምን ሆነው፤ ፌኸንሃይም፣ የልጄ የሰናይት ክርስትና ቀን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓለም ላይ ካለኝ ሰው ሁሉ አብልጬ ከምወዳት ሴት፣ ከዘህራ፣ አንድ ነገር ደብቄአለሁ። ዘህራ ደግሞ ያን ቅዳሜ ከሰዓት ልትጠይቀኝ ቀጠሮ ነበራት። አፍንጫዋ የውሻ ነው። ጉዴ ፈላ አልኩ።

ያኔ የምንኖርበት ፌኸንሃይም ማለት የትራሙ መጨረሻ ነው፤ ማይን ወንዝ እጥፍ የሚልበት። ነፋስ ከወዲያ ሲነፍስ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፣ ከወዲህ ሲነፍስ የተጋገረ ዳቦ። ጠዋት መስኮት ከፍቼ አሽትቼ ነበር የቀኑን ጠባይ የማውቀው። ጥጉ ላይ ዳቦ ቤት አለ፤ ትንሿ ዳቦ በሳንቲም፣ ትናንት የተጋገረች ከሆነች በግማሽ ዋጋ። እኔ የትናንቷን ነበር የምገዛው፤ ሻጯ ታዲያ ለደሃ ማዘኗን እንድናውቅላት አንድ ጨምራ ታሽግልኝና አንገቷን ዘመም ታደርጋለች። ካፖርቴን ከወንዙ ዳር የአሮጌ ዕቃ ገበያ በሃያ ማርክ ገዛሁት፤ ብርቱካናማ፣ ቁልፉ የሻይ ሳህን የሚያክል። ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ሠራተኛ እመስል ነበር። ግን ሞቀኝ፣ ምን ቸገረኝ! የአገር ቤት ካሴት ነበረችን፤ ክሯ ሲወጣ በእስክሪፕቶ እያጠነጠንን፣ አንዱን ዘፈን እስኪሰለቸን፣ ከሰለቸንም በኋላ እያለቀስን እንሰማዋለን። ወንዶቹ እሁድ እሁድ ተሰብስበው በፖለቲካ ይጣላሉ። እኛ ድንች እንልጣለን። እነሱ ሲጨርሱ ድንቹ ይቀርባል፤ ድንቹ ላይ ስምምነት አለ።

የምሠራው ትልቅ የልብስ እጥበት ቤት ነበር፤ የሆስፒታል አንሶላ ይመጣልናል። እዚያ አንሶላ ላይ ያየሁትን ብነግራችሁ ዛሬ እራት አትበሉም። እኔን ግን አንድ ቀን ቀፎኝ አያውቅም። ሰው ነው፤ ይታመማል፣ ይታጠባል፣ አለቀ። የቀፈፈኝ የፒላር መስኮት ነው። ፒላር ከእኔ ጋር አንሶላ የምታጥፍ የስፔን ሴት ናት፤ አጭር፣ ድንቡሽቡሽ ያለች፣ አበባ አበባ ያለው ሽርጥ ከላይዋ የማይወርድ። ፎቃችን አንድ ነው፣ ኩሽናችንም አንድ። መጀመሪያ እንደገባሁ መስኮቷ ላይ ቀይ ቀይ ነገር ተንጠልጥሎ አየሁና ካልሲ ያሰጣች መሰለኝ። ጠጋ ስል ካልሲው ያብረቀርቃል፤ ያልበዋል። ቋሊማ ነው! ከአገሯ እናቷ የላከችላት፣ የአሳማ አንጀት ውስጥ የተጠቀጠቀ የአሳማ ሥጋ። በነፋስ ይወዛወዛል። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኪያዬን ለብቻ፣ መጥበሻዬን ለብቻ፣ የዕቃ ማጠቢያ ጨርቄን ሳይቀር ለብቻ አደረግሁ። ፒላር ምንም አልገባትም፤ ንጽሕና የምወድ ሴት ነኝ ብላ ለሠራተኛው ሁሉ አወራችልኝ።

ደግሞ እኮ እጇ! ድብልብል ሥጋ ስትሠራ ቆሜ አያት ነበር። የደረቀ ዳቦ ወተት ውስጥ ትነክራለች፣ ትጨምቀዋለች፣ ከተፈጨው ሥጋ ጋር ታሸዋለች፤ እንቁላል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቅጠላ ቅጠል። ከዚያ እየዘፈነች ታድበለብለዋለች። ዘፈኗ ይወጣል ይወርዳል፣ እንደሚያለቅስ ሰው መሃል ላይ ይሰነጠቃል። አንድ ቃል አይገባኝም፤ ግን እሷ ስትዘፍን የእኔም እጅ ያድበለብል ጀመር። አሳማውን ተውኩት፣ አሠራሩን ያዝኩት። እኛ ሁለታችን በሦስት የጀርመንኛ ቃል ነው ጎረቤት የሆንነው፤ «ጥሩ»፣ «ጥሩ አይደለም»፣ «ደከመኝ»። ለኑሮ ይበቃል።

ዘህራም እጥበት ቤት ነው የተገናኘነው። እሷ ከጻይልስሃይም፣ ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ ሁለት ጊዜ ትራም እየቀየረች ትመጣለች። የአስመራ ልጅ ናት። ቀጥ ያለች፣ አረንጓዴ ካፖርት የምትለብስ፣ እስከ ጉልበቷ ቦት ጫማ፤ እኔ መንገድ ሠራተኛ፣ እሷ የመንገዱ ባለቤት። አማርኛ ተምራ ስለመጣች ታነባለች፣ ትጽፋለች፤ የእጅ ጽሑፏ የጥልፍ ነው አሉ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ከአገር ቤት ደብዳቤ ሲመጣልኝ በብርቱካኑ ካፖርት ኪስ ይዤው እሄዳለሁ፤ በእረፍት ሰዓት የአንሶላ ክምር ላይ ቁጭ ብለን ታነብልኛለች። የወንድሜን ብር ላኪ፣ የአክስቴን ሐሜት፣ የባሌን እናት ስድብ ሳይቀር። «ይሄን ልዝለለው?» አትልም። «ስድቡ እዚህ ጋ ይጀምራል፣ ተዘጋጂ» ትላለች።

አንድ ቀን ደብዳቤ ከፈተችና አየችው። አጠፈችው። ዳቦዋን ለሁለት ቆረሰችና «ብዪ» አለችኝ። በላሁ። ውኃ አጠጣችኝ። ከዚያ ፈታችና ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ቃል ሳታስቀር አነበበችልኝ። እናቴ ሞታለች። የእኛ ሰዎች በኋላ ሰምተው ተቆጧት፤ መርዶ እንዲህ በሥራ ቦታ ይነገራል ወይ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሲነጋጋ ነው እንጂ ብለው። እሷ ምን አለች? «ደብዳቤው የእሷ ነው። የሰው ደብዳቤ ኪሴ ይዤ ፊቷ አልስቅም።» ይቺ ናት ዘህራ።

ዘህራ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን። በአገራችን ወግ አንዳችን ያንዳችንን ሥጋ አንበላም። እሷ ቤት ስሄድ ምስር ወይ ዓሣ ትሠራልኛለች፤ እኔ ቤት ስትመጣም እንደዚያው። እዚህ አገር መቼም ከብቱን የሚያርደው ማሽን ነው፤ ማሽኑ አባታችን ሆይ ይድገም አይድገም ማን ጠየቀው? እኔ ግን ከሱፐርማርኬት የገዛሁትን የክርስቲያን ነው ብዬ፣ እሷ ከቱርኩ የገዛችውን የሙስሊም ነው ብላ፣ ድንበራችንን አክብረን ኖርን። ታዲያ ሰናይት ተወልዳ ክርስትናዋ ሲደርስ፣ ለዘህራ ምስር ማቅረብ አሳፈረኝ። ሃያ ሰው ዶሮ እየበላ እሷ ብቻ ምስር! አራስ ቤት ሳለሁ ልብሴን ያጠበች፣ ልጄን ያጠበች እሷ። ባንሆፉ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሄድኩና አዲስ ድስት ገዛሁ፤ ሰማያዊ፣ ነጭ አበባ ያለበት፣ አሥራ አራት ማርክ። ለራሴ አሥራ አራት ማርክ ጫማ አልገዛም ያኔ! አጠገቡ ካለው ቱርክ ሥጋ ቤት የተፈጨ ሥጋ በነጭ ወረቀት አስጠቀለልኩ። ከሌላ ዕቃ እንዳይቀላቀል ድስቱ እጀታ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ። በፒላር አሠራር፣ ግን በንጹሕ ሥጋ፣ ድብልብሉን ሠራሁ። ዘህራ አስመራ ሳለች ፖልፔቲ ብላ ትወደው የነበረውን እኮ ነው፤ ደስ ይላታል ብዬ ልቤ ቤቷን ለቀቀች።

ቤተ ክርስቲያን መሄጃችን ደረሰ። ድስቱ ገና ቲማቲሙ ውስጥ ይንተከተካል። ፒላር ትጠብቅልኝ ብዬ ጠራኋትና በሦስቱ ቃሌና በእጄ አስረዳኋት። ድስቱን አሳየኋት፣ ክሩን አሳየኋት። ይሄ ለጓደኛዬ፣ ለብቻ፣ ለእሷ ብቻ፣ ጥሩ ጓደኛ፣ በጣም ጥሩ አልኳት። ፒላር እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ነቀነቀች። ገባት። ችግሩ የገባት ሌላ ነው! እኛ ዘንድ ድስት ለብቻ ከተጣደ የሰውየውን ሃይማኖት ማክበር ነው። እሷ ዘንድ ድስት ለብቻ የሚጣድለት ሰው ጳጳስ ነው፣ ሙሽራ ነው፣ ከባሕር ማዶ የመጣ አጎት ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ባዶ ቲማቲም አይቀርብም።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ድስቱን ከፈትኩት። ቀይ! ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ፣ ፀሐይ የመሰለ። የስፔን በርበሬ ጨመረችበት ብዬ ፒላርን ግንባሯን ሳምኳት። ዘህራ ጥግ ላይ፣ የራሷ ድስት ፊቷ፣ እንደ ንግሥት ተቀመጠች። አንድ በላች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ሁለት። ሦስት። ሰባት በላች፤ በዳቦ ድስቱን ጠረገችው። እጄን ያዘችና «የሺ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ ለእኔ ብሎ ድስት የጣደ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔም አለቀስኩ፤ ልጄም አለቀሰች።

ከዚያ ድስቱን ላጥብ ኩሽና ገባሁ። እታች አንዲት ክብ ቁራጭ ተጣብቃለች፤ ቀይ፣ ጠርዟ ላይ ቆዳ ያለባት። በጥፍሬ አነሳኋት። ቀና ስል ፒላር በሩ ላይ ቆማለች፤ ወደ መስኮቷ ታሳየኛለች። መስኮቷ ባዶ ነው። «ማማ!» አለችኝ በኩራት፣ «ከማማ!» ለገና ብላ ያስቀመጠችውን የመጨረሻውን ቋሊማ፣ የእናቷን፣ በሙሉ ከትፋ ጨምራዋለች። የቋሊማውን ሥጋ ጨፍልቃ ከቲማቲሙ ጋር አዋህዳ፣ ይቺን አንዷን ረስታ። እጄ ላይ ያለችው ቁራጭ ሞቃት ናት፣ ዘይቷ በክንዴ ይወርዳል። እንዲህ ያለ መቀፈፍ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ገንዳው ላይ ተደፍቼ የክርስትናውን ዶሮ ሁሉ መለስኩት። ፒላር ጀርባዬን እያሻሸች «ደከመኝ? ደከመኝ?» ትለኛለች። ምን ልበላት? ያላትን ምርጥ ነገር ለሰው ሰጥታ ትስቃለች። በእሷ መናደድ ቢያምረኝም አልቻልኩም።

ያን ጊዜ ወጥቼ ለዘህራ መንገር ነበረብኝ። አሥር እርምጃ ነው። በሩን ከፈትኩ። ሰናይትን ታቅፋ በትግርኛ ታባብላታለች፤ ከንፈሯ ላይ ያ ቀይ ዘይት አለ። በሩን መልሼ ዘጋሁት። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ደብዳቤ መጣልኝ፣ አነበበችልኝ። ብትቀየመኝ ማን ያነብልኛል ብዬም ፈራሁ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ይሄንንም አስቤአለሁ። ድስቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቆሻሻ ውስጥ ከተትኩና «አረረብኝ» አልኳት። አሥራ አራት ማርክ! ክፋቱ ዘህራ አልረሳችውም። በየዓመቱ ለዒድ «ያን ፖልፔቲ ሥሪልኝ» ትለኛለች። ከቱርኩ ሥጋ ገዝቼ፣ የስፔን በርበሬ ነስንሼ እሠራለሁ። ትበላና «ጥሩ ነው፤ ግን የሰናይት ክርስትና ዕለት የሠራሽው ሌላ ነበር። እጅሽ እየደከመ ነው» ትለኛለች። እኔ እስቃለሁ፤ ያቺ ክብ ቁራጭ ግን ትታየኛለች። ፒላር ጡረታ ወጥታ አገሯ ገባች፤ ምስክር የለ፣ ምን የለ። አለፈ ብዬ ነበር።

እንግዲህ ወደዚያ ቅዳሜ ልመልሳችሁ። ከባልኮን ገባሁና መስኮቱን ሁሉ በረገድኩ። ኮምጣጤ አፈላሁ። የባሌን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያስቀመጥኩለትን የመላጫ ሽቶ ኮሪደሩ ላይ ረጨሁ። አሁን አሳማው ጢሙን ተላጭቶ የመጣ መሰለ። ጣራው ላይ ያለችው የጭስ ጠቋሚ ጮኸች፤ ሶስና በመጥረጊያ እንጨት እየመታቻት በሳቅ ፈረሰች።

«ኦማ፣ ምን ሆነሻል? ታንተ ዘህራ አትበላውም፣ አውቃለሁ እኮ። ለእሷ ሌላ እሠራለሁ» አለች፤ ታንተ አክስት ማለቷ ነው።

«አንቺ ሌላውን ተዪና ይሄንን ቅበሪው!»

«ዳቦ ልግዛና እመጣለሁ» ብላ መጥበሻውን ከድና ወረደች። እሷ ስትወጣ በሩ ሳይዘጋ ዘህራ ገባች። ሰዓቷን አክብራ የማታውቅ ሴት ያን ቀን ግማሽ ሰዓት ቀድማ! በትሯን ተደግፋ፣ እያለከለከች፤

«አንቺ ሴትዮ፣ ደረጃሽ በየዓመቱ ይረዝማል?»

«አንቺ በየዓመቱ ስለምታጥሪ ነው።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። አፍንጫዋን ቀና አደረገች። ነጠላ ጫማ እንኳን ሳታደርግ ቀጥ ብላ ኩሽና ገባች፤ እኔ ከኋላዋ እየተንገዳገድኩ። ክዳኑን ከፈተች። እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ወጣ። ዓይኗን ጨፈነች፤ ልክ እንደ ያኔው።

«ወላሂ የሺ! እሱ ነው! ያ የክርስትናው!» አለች፤ ድምጿ የልጅ ሆነ። «አርባ ዓመት ሙሉ ለእኔ አቅቶሽ ለልጅቷ አስተምረሻት ኖሯል! ከቱርኩ ነው አይደል የገዛችው? ሶስና እኮ ታውቃለች፣ ሁሌ ለእኔ ከቱርኩ ነው የምትገዛው።» ማንኪያ አነሳች። አንዱን ድብልብል ከፍ አደረገችው፤ ቀዩ ዘይት ይንጠባጠባል።

አዎ ብላት አለቀ። ትበላለች፣ ትደሰታለች፣ እኔም ያሳደግሁትን ውሸት ይዤ እሞታለሁ። ሁለታችንም ብዙ አልቀረንም። እውነት እውነት እላችኋለሁ፣ አፌ «አዎ» ሊል ተከፍቶ ነበር። የራሴ አፍ ከዚያ ከቋሊማው በላይ ቀፈፈኝ። ማንኪያውን ከእጇ መታሁት። ሥጋው ግድግዳው ላይ ተለጠፈና እየተንሸራተተ ወረደ።

«አሳማ ነው!»

«አንቺ እብድ! በቃ አሳማ ነው በዪኝ፣ ምን ያማታሻል?» አለችና እጇን ቧንቧ ከፍታ ስትታጠብ ቀስ እያለ መጣላት። ውኃው ይወርዳል፣ እሷ ቆማለች። «አሳማ ከሆነ…» አለች። «ሽታው ታዲያ ለምን የዚያን ቀን…»

ነገርኳት። ስለ ክሩ፣ ስለ ፒላር፣ ስለ እናቷ ቋሊማ፣ ስለ ክቧ ቁራጭ። ቆሜ፣ ሽርጤን እንደ ልጅ እየጠመዘዝኩ። ዘህራ ውኃውን ዘጋች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ሳላውቅ የበላሁትን አላህ አይጠይቀኝም፤ እሱ ምንም አይደለም። ያቺም ምስኪን የምትወደውን ነው የሰጠችኝ» አለች። «አንቺ መቼ አወቅሽ?»

«ያኑ ዕለት።»

«እኔ ቤትሽ ቁጭ ብዬ?»

«ልጄን ታቅፈሽ።»

«የእናትሽን ሞት እንኳን አልደበቅኩሽም የሺ» አለችኝ። «በየዒዱ እለምንሽ ነበር። ምን ያህል ትስቂብኝ ነበር?» ካፖርቷን እኔ እንዳለብሳት እንኳን አልጠበቀችም። ደረጃው ላይ ከሶስና ጋር ተገናኙ መሰለኝ፣ «ታንተ ዘህራ! ቮሂን?» ስትላት፣ ወዴት ነው ስትላት ሰማሁ። የበትሯ ድምፅ ብቻ ደረጃውን ወረደ።

ሶስና ዳቦዋን አቅፋ ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች። ስነግራት «አርባ ዓመት? ኦማ!» ብላ ቁጭ አለች። ከድብልብሉ ሥጋ አንዷንም አልበላችም፤ ለጎረቤት ሰጠችው። ግድግዳውን ግን እኔ ነኝ የፈተግሁት። ቀዩ እስከ ዛሬ በደንብ አለቀቀም፤ እያየሁት ነው ቁርሴን የምበላው። ኤጭ!

ሦስት ሳምንት ስልክ አልጮኸም። እኔ ስደውል ታነሳና ትዘጋዋለች። የጡረታው መሥሪያ ቤት ወረቀት ላከብኝ፤ እንደልማዴ ለእሷ ብዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሶስና ላንብብልሽ አለችኝ፣ እንቢ አልኳት። ልክ እንደ ሞኝ፣ ከዘህራ ሌላ ሰው ካነበበው ነገሩ ያበቃለት መሰለኝ።

በአራተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ደወለች። ደህና አደርሽ የለም፣ ምን የለም። «ሐሙስ ምሳ ነይ። ተርበሽ ነይ» ብላ ዘጋችው።

ወረቀቱን ጫፉ ብቅ እንዳለ ቦርሳዬ ከትቼ ሄድኩ። አውቶቡሱ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ጻይልስሃይም ስወርድ ያኔውኑ ብትነግሪያት ትተርፊ ነበር፣ ሴትዮ፣ እያልኩ ራሴን እሰድባለሁ። በሩን ከፈተችልኝ። አልሳመችኝም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህን ብቻ አለ፤ ትልቅ። ሌላ ጊዜ ለእኔ ምስር በዚህ፣ ለእሷ ሥጋዋ በዚያ ነው የሚቀርበው፤ አርባ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው። ያን ቀን አንድ ሳህን። ድስቷን አመጣችና ገለበጠችው። ድብልብል ሥጋ፣ በቲማቲም።

ቁጭ አለች፤ ዓይኔን እያየች፣ ደብዳቤ ስታነብ በነበረው ድምጿ፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ይሄ ከቱርኩ ነው። ቢስሚላህ ተብሎ የታረደ ነው። የሙስሊም ሥጋ ነው። በልተሽ ከጨረስሽ በኋላ አልነግርሽም፤ ይኸው አሁን፣ ሳትነኪው በፊት ነገርኩሽ። የምትበዪ ከሆነ እያወቅሽ ብዪ። የማትበዪ ከሆነ በሩ ክፍት ነው።»

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። የሙስሊም ሥጋ በአፌ ዞሮ አያውቅም። እናቴ ብታይ ምን ትላለች፣ የንስሐ አባቴ ምን ይላሉ፤ ሁሉም መጡና ጠረጴዛው ዙሪያ ቆሙ። አልዋሻችሁም፣ ቀፈፈኝ። ሥጋው ምንም አልሆነም፤ ለምዶብኝ ነው እንጂ ከሱፐርማርኬቱ የሚለየው ነገር የለም፣ አውቃለሁ። ማወቅና መዋጥ ግን አንድ አይደለም። ዘህራ አትነካውም፤ ትጠብቃለች። እጇ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ አርጅታለች፤ ጣቷ የጠረጴዛውን ልብስ ያጣጥፋል። እሷም ፈርታለች።

ማተቤን በአንድ እጄ ያዝ አደረግኩ፤ በሌላው ትልቁን መርጬ አነሳሁ። አማተብኩ። አፌ ውስጥ ከተትኩት። አላመጥኩ፣ አላመጥኩ፣ አልወርድ አለኝ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ዋጥኩት። ሁለተኛ አነሳሁ። ያን ጊዜ ዘህራም እጇን ሰደደችና ከእኔ አጠገብ፣ ከዚያው ሳህን አነሳች። አራተኛው ላይ ስደርስ አላስችል አለኝ።

«ጨው አንሶታል» አልኳት።

«ዝም ብለሽ ብዪ» አለችኝ፣ እጇንም ወደ ቦርሳዬ ዘረጋች፤ «ወረቀትሽን ደግሞ አምጪው።»